አባቷ ስልክ ላይ የጠፋው ቁልፍ

ከደብረ ማርቆስ አንዲት ተማሪ ጻፈችልኝ። አባቷ ቢቸና ውስጥ የጤፍ ነጋዴ ናቸው። ዱቤያቸውን ከደብተር ወደ ስልክ የሚያዛውር ትንሽ የአንድሮይድ አፕ ሠራችላቸው። «ጋሼ፣ እኔ ስልክ ላይ ሁሉም ልክ ነው። አባዬ ስልክ ላይ ግን ‹መዝግብ› የሚለው ቁልፍ ጭራሽ የለም። የሱቁ አርማ ደግሞ እኔው ስልክ ላይ ደብዝዟል። ፒክስሉን ሁሉ ወደ ዲፒ ቀይሬዋለሁ። አባዬ ፊደሉን አግዝፈው ነው የሚጠቀሙት፤ እንዳያድግብኝ ጽሑፉንም በዲፒ ላድርገው?» ትላለች። የእሷ ስልክ 1080 በ2400 ፒክስል ነው፣ የአባቷ 480 በ854። የስክሪኑን ፋይልም አያይዛ ልካልኛለች።

እህቴ፣ ወደ ዲፒ፣ ወደ አንድሮይድ የራሱ መለኪያ፣ መቀየርሽ ደግ አደረግሽ። ግን ዲፒ የሚፈታልሽ ግማሹን ነው።

ጨርቅ በክንድ ሲለካ ገዢ ክንደ ረጅሙን ነጋዴ ይመርጣል። ፒክስል፣ ማለትም የስክሪኑ አንዷ ነጥብ፣ እንደዚያ ክንድ ነው፣ ስልክ በተቀየረ ቁጥር መጠኑ ይለያያል። ዲፒ ወደ ሜትር ይጠጋል። አንድሮይድ በአንድ ኢንች 160 ነጥብ ያለውን ስክሪን መነሻ አድርጎ፣ እዚያ ላይ አንድ ዲፒ አንድ ፒክስል ነው ይላል። አባትሽ ስልክ ላይ በአንድ ኢንች ያለው ነጥብ 240 ስለሆነ አንድ ዲፒ 1.5 ፒክስል ይይዛል። የአንቺ 480 ነው፣ ስለዚህ 3 ፒክስል። 48 ዲፒ የሆነ ቁልፍ ለአንቺም ለእሳቸውም ጣት ተቀራራቢ ነው ማለት ነው።

አሁን ወርዱን አካፍይው። 1080 ለ3፣ 360 ዲፒ። 480 ለ1.5፣ 320 ዲፒ። ቁመቱ ይብሳል፦ የአንቺ 800 ዲፒ ሲሆን የአባትሽ 569 ብቻ ነው። መለኪያው አንድ ሆነ እንጂ ጨርቁ እኩል አልሆነም። አንቺ ደግሞ «መዝግብ»ን ከላይ 620 ዲፒ ወርዶ እንዲቀመጥ አዘሽዋል። ቁልፉ አልጠፋም፤ ከአባትሽ ስክሪን በታች ተቀምጧል። ወርዱንም 340 ዲፒ ብለሽዋል፤ ወደ ላይ ብታወጪው እንኳ በጎን ይተርፋል።

ስለዚህ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ በቁጥር አትንገሪው፣ ከምን ጋር እንደሚታሰር ንገሪው። ነገሮችን እርስ በርስ በማሰር የሚደረድረውን ኮንስትሬይንት ሌይአውት እየተጠቀምሽ ስለሆነ ቀላል ነው። የቁልፉን ግርጌ ከስክሪኑ ግርጌ፣ ግራና ቀኙን ከስክሪኑ ግራና ቀኝ ጋር እሰሪ። ወርዱን 0 ዲፒ አድርጊው። እዚያ ቤት ዜሮ ማለት «የለም» ሳይሆን «በታሰርክበት መሀል ተዘርጋ» ማለት ነው። በየጎኑ 16 ዲፒ ክፍተት ተዪለት። ከቁልፉ በላይ ያለውን ሁሉ፣ ስሙን፣ ኩንታሉን፣ ብሩን፣ በስክሮል ቪው፣ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች በሚንሸራተተው ሳጥን፣ ውስጥ ክተቺው። ኪቦርዱ ሲከፈት ቦታው ሲጠብም ይኼው ስክሮል ያወጣሻል። ቁጥር ለትንንሽ ነገር ይቅር፦ ለክፍተት፣ ለአይከን፣ ለጣት የሚበቃው 48 ዲፒ።

ጽሑፉን በዲፒ ላድርገው ላልሽው፣ አይሆንም። ጽሑፍ በኤስፒ ነው። ኤስፒ ተጠቃሚው ሴቲንግ ላይ የመረጠውን የፊደል መጠን ይከተላል። አባትሽ ፊደሉን ያገዘፉት ስለማይታያቸው ነው፤ በዲፒ ብታስሪው መነጽራቸውን እንደ መንጠቅ ነው። ችግሩ ፊደሉ ማደጉ ላይ አይደለም። ቁልፉን 40 ዲፒ ቁመት ብለሽ ቆልፈሽዋል፣ የሚያድግበት ቦታ የለውም። የኛ ፊደል ደግሞ ቦታ ይፈልጋል፤ እነ «ቋ» እና «ጓ» እግራቸው ይቆረጣል። ቁመቱን ራፕ ኮንቴንት፣ ማለትም በውስጡ ባለው ጽሑፍ ልክ የሚያድግ፣ አድርገሽ ትንሹን ልክ 48 ዲፒ በዪው። «ቀሪ ዱቤ አሳይ» የሚለውም ሁለት መስመር ቢሆን ይሁን፣ በግድ አንድ መስመር አታድርጊው።

ወደ አርማው ልምጣ። 100 በ100 ፒክስል የሆነ ምስል «ድሮዌብል» የሚባለው ተራ የምስል ፎልደር ውስጥ ጥለሻል። ስሙ ላይ የስክሪን ዓይነት የሚነግር ቅጥያ የሌለው ፎልደር ለ160ው ስክሪን እንደተሠራ ይቆጠራል። ስለዚህ አንቺ ስልክ ላይ ሲስተሙ ሦስት እጥፍ ይለጥጠዋል፣ ይደበዝዛል። የጤፍ ዘለላ የመሰለ ቀላል አርማ ከሆነ ወደ ቬክተር፣ በነጥብ ሳይሆን በመስመር ወደሚሳል ምስል፣ ቀይሪው፤ በየትኛውም መጠን ጥርት ይላል። ፎቶ ከሆነ ግን ቬክተር አይሆንም፣ ለየስክሪኑ የነጥብ ብዛት የተለየ ፋይል ያስፈልጋል፦ ለ100 ዲፒ 150፣ 200፣ 300፣ 400 ፒክስል እያደረግሽ በየፎልደሩ።

ይኼ ፎልደር እኔንም አንዴ ጉድ ሠርቶኛል። ባሕር ዳር ለአንድ ደንበኛ በሠራሁት አፕ መግቢያ ላይ የጢስ ዓባይን ፎቶ አስገባሁ፣ 2000 በ1500። አሮጌ ስልኮች ላይ ይሠራል። ደህና ስልክ ላይ ይዘጋል። ሁለት ቀን ኮዱን ስፈትሽ ከረምኩ። ለካ ፎቶው እዚያው ተራ ፎልደር ውስጥ ነው። በኢንች 480 ነጥብ ያለው ስልክ ላይ ወደ 6000 በ4500 ይለጠጣል፣ አንዱ ፒክስል 4 ባይት ሲይዝ 108 ሚሊዮን ባይት! ሲስተሙ አልስልም አለ። በ240ው ስልክ 27 ሚሊዮን ነው፣ ያልፋል። ደንበኛዬ «ስልኬ ውድ ስለሆነ ነው እንዴ የማይሠራው?» ሲሉኝ ስቄ ነበር፤ እውነታቸውን ነበር።

ለመሞከር ቢቸና ድረስ መሄድ አያስፈልግሽም። ሴቲንግ ውስጥ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ስትነኪው ዴቨሎፐር ኦፕሽን ይከፈታል። እዚያ «ስሞለስት ዊድዝ» የሚል፣ የስክሪኑን ወርድ በዲፒ የሚወስን፣ አለ፣ 320 ብለሽ ሙዪው። ስልክሽ ወዲያው እንደ አባትሽ ይጠባል። ቁመቱ ግን ወደ 711 ዲፒ እንጂ ወደ 569 አይወርድም፤ ስለዚህ አፑን ስክሪን ለሁለት ከፍለሽም እዪው። ፊደሉንም እስከ መጨረሻ አግዝፊና ሞክሪ። ቁጥሩን ከመቀየርሽ በፊት ግን የነበረውን ወረቀት ላይ ጻፊው። እኔ ሳልጽፍ ቀይሬ፣ ስልኬ የሕፃን መጫወቻ መስሎ አንድ ሳምንት ይዤው ዞሬያለሁ።