«ብረት» ስንል የትኛውን ነው?

ጥያቄ፦ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ለታካሚዎች በሚሰጥ አጭር ጽሑፍ ላይ «ሲስፕላቲን ብረት ያለበት የካንሰር መድኃኒት ነው» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት አስታማሚ እናት አንብበው «ታዲያ ደሙን ይሞላለታል ማለት ነው?» አሉኝ። ምን ብል ይሻል ነበር?

መልስ፦ እናትየው የተረዱት አማርኛው እንደሚለው ነው። ሐኪም ቤት ውስጥ «ብረት» ከተባለ ሰው የሚያስበው ደም ማነስን ነው። ነፍሰ ጡር «ብረት ታዘዘልኝ» ስትል ስለ እንክብሉ እንደምታወራ ማንም ይገባዋል። ሲስፕላቲን ውስጥ ያለው ግን ፕላቲነም ነው።

«ብረት» ሰፊ ቃል ነው። የአሉሚኒየሙንም «ብረት ድስት» እንለዋለን፤ ጠመንጃም ብረት ነው። ቤት ውስጥ ይህ ማንንም አያሳስትም። ሰውነት ውስጥ ግን አንዱ ማዕድን የሌላውን ሥራ አይሠራም። በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ባለው ፕሮቲን፣ በሄሞግሎቢን፣ ኦክስጅን የሚሸከመው እውነተኛው ብረት ነው፤ በአንዱ ሞለኪውል አራት የብረት አቶሞች አሉ። ቫይታሚን ቢ12 መሃል ላይ ያለው ደግሞ ኮባልት ነው።

ሲስፕላቲን በአንድ የፕላቲነም አቶም ላይ ሁለት ክሎራይድና ሁለት አሞኒያ የተያያዙበት ነው። ሴል ውስጥ ሲገባ ክሎራይዶቹ ይለቃሉ፤ ፕላቲነሙም የሴሉን የዘር መረጃ የያዘውን ዲኤንኤ ጨምድዶ ይይዛል። ሴሉ መባዛት ያቅተዋል፣ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1965 ተመራማሪው ባርኔት ሮዘንበርግ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ ባክቴሪያ ላይ ኤሌክትሪክ ሲሞክር ባክቴሪያው መባዛት እንዳቆመ አየ። መባዛቱን ያስቆመው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ኤሌክትሪኩን ከሚያስተላልፈው የፕላቲነም ዘንግ (ኤሌክትሮድ) የወጣው ውህድ ነበር። እና ይህ መድኃኒት ደም ሊሞላ ቀርቶ ራሱ ደም ማነስ ሊያመጣ ይችላል። የእናትየው ጥያቄ ያሳሰበኝም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ማዕድኑን በስሙ ይጥሩት። ፕላቲነም ምንድን ነው ለሚል «እንደ ወርቅና ብር ያለ ማዕድን» ማለት ይበቃል። የመማሪያ መጻሕፍቱ ብረትን፣ ወርቅንና ፕላቲነምን የመሰሉትን ሁሉ (በእንግሊዝኛ metal) የሚጠሩበት «ብረት አስተኔ» ለተማሪ ደህና ነው። ለታካሚ ግን እሱም ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ያው «ብረት»ም ውስጡ አለ።

«ያለበት»ንም ቢተዉት ደስ ይለኛል። «ስኳር ያለበት»፣ «ግፊት ያለበት» ስለምንል ጆሮ ክፉ ነገር ይጠብቃል። «የያዘ» ይሻላል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ሲስፕላቲን ፕላቲነም የያዘ የካንሰር መድኃኒት ነው። ደም ላነሰው ሰው ከሚሰጠው ብረት ጋር አይገናኝም።»