«እንቅልፍ አመጣብኝ» ላልከው ወንድማችን

«የፒንክ ፍሎይድን ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን ሰማሁት፣ እንቅልፍ አመጣብኝ፣ ምኑ ነው እንዲህ የሚወራለት?» ብለሃል። አልፈርድብህም። እኔም መጀመሪያ የሰማሁት ጓደኛዬ በብሉቱዝ የላከልኝን አራት ዘፈን ነው፣ ያውም ተዘበራርቆ። ሁለቱ ድንገት ሲቋረጡብኝ ፋይሉ ተበላሽቷል ብዬ አጠፋኋቸው።

ለካ አልተበላሹም። ይሄ የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድ አልበም አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሌላው ውስጥ እንዲገባ ተደርጎ ነው የተሠራው። 43 ደቂቃ ገደማ ነው፣ በልብ ምት ተጀምሮ በልብ ምት ያልቃል። በየመሃሉ ማስታወቂያ በሚያስገባ አፕ ከሰማኸው እንዳልሰማኸው ቁጠረው።

እኔ ባስ ጊታር እሞካክራለሁ። አልበሙ የገባኝ ከሰፈር ልጆች ጋር «መኒ» (ገንዘብ) የሚለውን ዘፈን ልንጫወት ስንታገል ነው። የባሱን መስመር በአንድ ከሰዓት ያዝኩት። ድራመራችን በገባ ቁጥር ግን እንጋጫለን፤ እሱ በአራት ይመታል፣ ዘፈኑ የሚቆጠረው በሰባት ነው። በችክችካ ያደገ እግር ሰባት ላይ ሲደርስ አንድ እርምጃ የተሰረቀበት ይመስለዋል። ሳምንት ሙሉ ጮክ ብለን ከአንድ እስከ ሰባት ስንቆጥር ጎረቤት ምን ብሎን እንደነበር እንጃ። በስንት መከራ ስንለምደው ደግሞ የጊታሩ ሶሎ ላይ ዘፈኑ ራሱ ወደ አራት ይዞራል! ድራመራችን እፎይ አለ፣ እኔ ጠፋሁ።

መግቢያው ላይ ያለውን የሳንቲም ድምፅ ልብ በል። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1972 ነው፣ በኮምፒውተር መቁረጥ መቀጠል የለም። የባንዱ ባሲስት ሮጀር ዋተርስ ሚስቱ ለሸክላ ሥራ በምትጠቀምበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሳንቲም እየወረወረ ቀዳ። ወረቀት ሲቀደድና የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ሲከፈትም ትሰማለህ። ቴፑን በማስመሪያ እየለኩ ቆራረጡት፣ ቀጣጠሉት፣ ጫፍና ጫፉን አጣብቀው እንደ ቀለበት እያዞሩ አጫወቱት። ሰባቱን ምት የሚቆጥሩልህ ድምፆቹ ራሳቸው ናቸው። እኛ ይሄን ቀድመን ብናስተውል ኖሮ ያን ሁሉ ባልጮህን።

«ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» ደግሞ ስለ ሞት ነው፣ ግን የሚዘፈን ግጥም የለውም። ክሌር ቶሪ የምትባል የ25 ዓመት ድምፃዊት ናት እንዲያ የምትጮኸው። እኔ ሙሾ ነው የምለው። 30 ፓውንድ ተከፍሏት ወደ ቤቷ ሄደች። በ2004 ከሰሰች፣ በዓመቱ ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ፣ አሁን ስሟ ከባንዱ ኪቦርዲስት ከሪቻርድ ራይት ጎን በደራሲነት ይጻፋል። ዘገየ እንጂ ደግ አደረገች።

ይህን ዓይነቱን ሙዚቃ ሳይኬደሊክ (እንደ ሕልም የሚያደርግ ሮክ) ይሉታል፣ ይህ ሲባል ዕፅ ብቻ የሚታያቸው አሉ። ግጥሞቹ ግን ስለ ጊዜ፣ ስለ ገንዘብና ስለ እብደት ናቸው። የባንዱ የመጀመሪያ መሪ ሲድ ባሬት አእምሮው ታውኮ በ1968 ተለይቷቸው ነበር፤ «ብሬይን ዳሜጅ» የሚለው ዘፈን ላይ እሱን ታገኘዋለህ።

ተፅዕኖውን ካልክ፣ ከ1973 እስከ 1988 ባለው ጊዜ ብቻ 741 ሳምንት ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ነበር። ሬጌ የምትወድ ከሆነ ኢዚ ስታር ኦል ስታርስ የሚባሉት የሬጌ ሙዚቀኞች በ2003 ሙሉውን አልበም በደብ (በአንድ የሬጌ ስልት) ሠርተውታል፣ በእሱ ብትጀምርም አያስነውርም።

«ኦን ዘ ረን» የሚለው ላይ ብታዛጋ አልቀየምህም፣ እኔም አዛጋለሁ። ግን አትዝለለው። ቀጥሎ ያሉትን ሰዓቶች የአልበሙ የድምፅ መሐንዲስ አለን ፓርሰንስ የጥንት ሰዓት መሸጫ ሱቅ ሄዶ አንድ በአንድ ነው የቀዳቸው፣ «ታይም» ሲጀምር ሁሉም ባንዴ ይጮኻሉ። እንቅልፍ ቢወስድህም እነሱ ይቀሰቅሱሃል።