«ሮታቫተሩ የትራክተሬን ጎማ ይፍቃል፤ ማንን ልጠይቅ?»

ጥያቄ፦ የምኖረው ፒያሳ አካባቢ ነው። ሆለታ ላለችኝ የአትክልት እርሻ ባለ 25 የፈረስ ጉልበት ትንሽ ትራክተር ከአንድ አስመጪ ገዛሁ። ሮታቫተሩን (ከትራክተር ኋላ ተገጥሞ በሚሽከረከሩ ቢላዎች አፈር የሚያለሰልሰውን መሣሪያ) ግን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለ ሌላ መደብር ወሰድኩ። ሥራ በጀመርንበት ቀን ትራክተሩ ተዳፋት ላይ ሲሆን ሮታቫተሩ ወደ ቀኝ እየተወዛወዘ የኋላውን ጎማ ፋቀው። ትራክተሩን የሸጠልኝ «ችግሩ የሮታቫተሩ ነው» ይላል፤ ሮታቫተሩን የሸጠልኝ «ትራክተርህ ጠባብ ነው» ይላል። ከገዛሁ ሦስት ሳምንት፣ ችግሩን ካየሁ ስምንት ቀን ሆኖኛል። ለሁለቱም በስልክ ነግሬያለሁ። ሰፈሬ ያለ በያጅ የሮታቫተሩን ጠርዝ ቆርጦ ሊያስተካክልልኝ ይፈልጋል። ላስቆርጠው? መክሰስስ እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በያጁን ለጊዜው ያቆዩት። ጠርዙ ከተቆረጠ በኋላ ሮታቫተሩ ከመደብሩ ሲወጣ ምን ይመስል እንደነበር ማስረዳት የእርስዎ ዕዳ ይሆናል፤ ሻጩም «ዕቃዬን ቆርጠህ አበላሽተህ ምን ትጠይቀኛለህ?» የሚል ዝግጁ መከላከያ ያገኛል። ተመሳሳይ ጉዳይ ይዤ አውቃለሁ። ደንበኛዬ እውነቱ ከእሱ ጋር ነበር፤ ነገር ግን ወደ እኔ የመጣው ዕቃውን ጋራዥ አስገብቶ ካስበየደ በኋላ ስለነበር፣ ፍርድ ቤቱ ያዘዘው ባለሙያ የመጀመሪያውን ጉድለት ለይቶ ማየት አልቻለም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከላኩልኝ ፎቶዎች አንዱን ደጋግሜ አየሁት። በቀኙ ጎማ ውስጠኛ ጎን ላይ የጣት ስፋት ያለው የሚያብረቀርቅ ቀለበት ወጥቷል፤ የሮታቫተሩ ጠርዝ ላይ የጎማው ፍርፋሪ እንደ ጥቁር አዝሙድ ተለጥፏል። ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ አያጥቡት። ከዚህ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ከታችኞቹ ሁለት ክንዶች ጎን ያሉት ሰንሰለቶች ናቸው። አንዱ ተወጥሯል፤ ሌላው ረግቦ ተንጠልጥሏል።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ስለዚህ የእርሻ መሣሪያ የሚጠግን የማምነውን ባለሙያ ፎቶውን አሳየሁት። የኋላ ተገጣሚ በሦስት ነጥብ ነው የሚያያዘው፤ ታች ሁለት ክንዶች፣ ላይ አንድ ዘንግ። ወደ ጎን እንዳይወዛወዝ የሚይዙት እነዚያ ሰንሰለቶች ናቸው፤ በአንዳንድ ትራክተር ላይ በሰንሰለት ፈንታ እየተጠመዘዘ የሚረዝምና የሚያጥር ዘንግ አለ። ለማረሻ ጥቂት መላወሻ ይተውለታል፤ ሮታቫተር ሲገጠም ግን በሁለቱም በኩል እኩል ይጠበቃሉ። አንዱ ከረገበ ተዳፋት ላይ መሣሪያው በክብደቱ ወደ ታች ይሸሽና ጎማውን ያገኘዋል። ሁለተኛው ነገር መሣሪያውን ከክንዶቹ ጋር የሚያያይዘው ፒን ልክ ነው፤ ልኩ በመደብ ይለያል። የመጀመሪያው መደብ የታችኛው ፒን ውፍረት 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የሁለተኛው መደብ 28 ገደማ። ቀጭኑ ፒን ያለ ማጥበቢያ ቀለበት በሰፊው ቀዳዳ ከገባ ሰንሰለቱ ቢጠብቅም መንገጫገጩ አይቀርም። ሦስተኛው የጎማዎቹ ርቀት ነው። በብዙ ትናንሽ ትራክተሮች ላይ ቸርኬው ተገልብጦ ሲታሰር የግራና የቀኙ ጎማ ይራራቃሉ፤ ይህ የሚደረገው ግን የአምራቹ መመሪያ በሚፈቅደው ልክ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የማነሣው ክስዎ ከዚሁ ስለሚጀምር ነው። ሰንሰለቱ ሲጠብቅ ፍቂያው ከቆመ ዕቃው ጉድለት የለበትም፤ የጎደለው አገጣጠሙ ነው። ሰንሰለቱ እኩል ጠብቆ፣ ፒኑ ልኩ ሆኖ፣ የሮታቫተሩ ጠርዝ አሁንም ጎማውን ከነካ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ሁለቱ ዕቃዎች አብረው ሊሠሩ አይችሉም ማለት ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ሻጮች ጋር ንክኪ የሌለው መካኒክ ወደ ሆለታ ይውሰዱ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተነቅሎ፣ ማንም ከሮታቫተሩ ሥር ሳይገባ፣ በጎማውና በጠርዙ መካከል ያለውን ክፍተት በግራም በቀኝም በሜትር ይለካ። ሮታቫተሩ ዝቅ ብሎም ብድግ ብሎም ይለካ፤ ሲነሣና ሲወርድ የሰንሰለቱ ውጥረት ሊለያይ ይችላል። ልኬቱን በወረቀት ጽፎ፣ ቀን አስገብቶ ይፈርምልዎ። ሰንሰለት ማጥበቅ ዕቃውን መለወጥ አይደለም፤ ከማጥበቅዎ በፊትና በኋላ ግን ቪዲዮ ይቅረጹ።

ወደ ሕጉ ልምጣ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2287 ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር መስማማትና ከጉድለት ነፃ መሆን ዋስ ነው ይላል። ጉድለት ምን እንደሆነ አንቀጽ 2289 ይዘረዝራል፤ ለእርስዎ የሚጠቅመው ዕቃው በውሉ በግልጽ ወይም በዝምታ ለታሰበው ልዩ አገልግሎት የሚያስፈልገው ባሕርይ ሳይኖረው ሲቀር የሚለው ነው። ለሰፊ ትራክተር የተሠራ ሮታቫተር በራሱ ጉድለት የለበትም፤ ለእርስዎ ትራክተር ይሆናል ተብሎ ከተሸጠ ግን ጉድለት አለበት።

እንግዲህ ከሁለቱ ማን ይጠየቃል? መልሱ ያለው ወረቀትዎ ላይ ነው። የሮታቫተሩን ፕሮፎርማ አውጥተው ያንብቡ። የትራክተርዎ ሞዴል ተጽፎበታል? «ለ25 የፈረስ ጉልበት» ይላል? ከመግዛትዎ በፊት የትራክተሩን ፎቶ በቴሌግራም ልከው «ይሆናል» ተብለው ነበር? ከእነዚህ አንዱ ካለ ዋነኛው ተጠያቂ የሮታቫተሩ ሻጭ ነው። የትራክተሩ አስመጪ የሚጠየቀው ለምሳሌ አንዱ ክንድ ተጣሞ ከተገኘ፣ ሰንሰለቱ ጎድሎ ከተረከቡ፣ ወይም በውሉ «ገጥመን፣ አሳይተን እናስረክባለን» ብሎ ሳያደርገው ከቀረ ነው። ሮታቫተሩን በቁመቱና በቀለሙ መርጠው፣ ስለ ትራክተሩ አንድም ቃል ሳይናገሩ የወሰዱ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገርዎ፤ ክስዎ ደካማ ነው። በዚያ ጊዜ በዋጋ ልዩነት ለመለወጥ መነጋገር ይሻልዎታል።

ሻጩ «አይተህ ነው የገዛኸው» ማለቱ አይቀርም። ግልጽ ሆኖ የሚታይ ጉድለት ገዢውን ያሳጣዋል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን መደብር ውስጥ መሬት ላይ የተቀመጠ ሮታቫተር ከጎማ ጋር መጋጨቱ የሚታወቀው ተገጥሞ ሲሠራ ብቻ ነው። ይህን ክርክር አይፍሩት።

የሚያስፈራኝ ስምንቱ ቀን ነው። አንቀጽ 2291 ገዢ ዕድል እንዳገኘ ዕቃውን እንዲመረምር፣ አንቀጽ 2292 ደግሞ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛሉ። በስልክ መናገርዎ ዋጋ የለውም አልልም፤ ሻጩ «አልደወለልኝም» ሲል ግን በምን ያስረዳሉ? ዛሬውኑ ለሁለቱም በጽሑፍ ይላኩ። ሐተታ አያስፈልግም። ይህን የመሰለ ይበቃል፦ «በዚህ ቀን በዚህ ቁጥር ደረሰኝ የገዛሁት ሮታቫተር በትራክተሬ ላይ ሲገጠም የቀኙን የኋላ ጎማ ይፍቃል። ጉድለቱን ያየሁት በዚህ ቀን ነው፤ በዕለቱም በስልክ አስታውቄያለሁ። በ10 ቀን ውስጥ መጥታችሁ አይታችሁ እንድታስተካክሉ ወይም እንድትለውጡ እጠይቃለሁ።» ጉድለቱ ምን እንደሆነ በስሙ ይጠራ፤ «ዕቃው አይሠራም» ብቻ ብለው እንዳይጽፉ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ፤ አንዱን አስፈርመው ይመለሱ። አልፈርምም ካሉ በአደራ ፖስታ ይላኩና ደረሰኙን ያስቀምጡ። ይህ ደብዳቤ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የጉድለት ማስታወቂያ ነው፣ በአንቀጽ 1772 መሠረት ውል አልተፈጸመልኝም ከማለት በፊት የሚሰጥ ማስጠንቀቂያም ነው። ክስ የማቅረቢያው አንድ ዓመት በአንቀጽ 2298 መሠረት የሚቆጠረውም ጉድለቱን ካስታወቁበት ጊዜ ጀምሮ ነው። «ዛሬ ነገ እናየዋለን» እያሉ ዓመቱን እንዳያስጨርሱዎት።

በሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሄድ ይችሉ እንደሆነም ያስቡ ይሆናል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው፤ ትራክተርና ሮታቫተር ለምርት ሥራ ስለተገዙ ይህ መንገድ ለእርስዎ የሚመች አይመስለኝም።

ክስ ከሆነ፣ ከሁለት ሰዎች ከማን እንደሚጠይቅ በእውነት የተጠራጠረ ከሳሽ ሁለቱንም በአንድ ክስ ማቅረብ ይችላል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅድለታል። ያም ሆኖ የመካኒኩ ልኬትና ፕሮፎርማው ወደ አንዱ በግልጽ ካመለከቱ ሌላውን አይጨምሩ፤ ነፃ የወጣው ወጪውን ከእርስዎ ይጠይቃል። የገንዘቡ መጠን ከ10 ሚሊዮን ብር ስለማይበልጥ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ያየዋል። ከዚያ በፊት የውሉን የመጨረሻ ገጽ ያንብቡ። ብዙ አስመጪዎች ክርክር በግልግል ይታያል የሚል አንቀጽ ያስገባሉ፤ ያ ካለ ፍርድ ቤት ቢሄዱ ተከሳሹ ተቃውሞ ሊያስመልስዎ ይችላል። «ከሽያጭ በኋላ ኃላፊነት የለብንም» የሚል ማስታወሻም ደረሰኙ ጀርባ ላይ ሊኖር ይችላል። ዋስትናን በስምምነት መቀነስ ይቻላል፤ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ ከሸጠ ግን ያ ጽሑፍ አያድነውም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከገንዘቡ ይልቅ እሱ ያሳስበኛል። ጎኑ የተፋቀ ጎማ እየሳሳ ይሄድና ተዳፋት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ሹፌሩ ቅጥረኛዎ ከሆነ ሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጥፋት ባይኖርብዎም ይጠየቃሉ። መንገድ ላይ ሌላ ሰው ቢጎዳ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የማሽንን ባለቤት ያለ ጥፋቱ ተጠያቂ ያደርጋል፤ ችግሩን እያወቁ ማሠራትዎ ደግሞ ነገሩን ያከብድብዎታል። ጉዳቱ እንዳይሰፋ የማድረግ ግዴታም ስላለብዎ፣ ካወቁ በኋላ በሠሩት ሥራ የተበላውን ጎማ ዋጋ ከሻጩ ማግኘት ይከብዳል። መካኒኩ ለክቶ እስኪፈርምልዎ ድረስ ሮታቫተሩ ይፈታ፤ የትራክተሩ ቁልፍም ሆለታ አይቀመጥ፣ ከእርስዎ ዘንድ ይሁን።