«ወንዛችን ዳር ቆሜ አለቅሳለሁ፤ ይህ እምነት ማጣት ነው?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የ22 ዓመት ወጣት ነኝ። አቃቂ አካባቢ እኖራለሁ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። የቦረና ከብቶች በድርቅ ሲያልቁ በስልኬ ካየሁ ወዲህ ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚወራው ሁሉ ያስፈራኛል። ሌሊት እንቅልፍ አጣለሁ። አጠገባችን ያለው ወንዝም ጠቁሯል፤ ይሸታል። እናቴ የ77ን ረሃብ በልጅነቷ ወሎ ላይ ያየች ናት። ስነግራት «የዘመኑ ፍጻሜ ነው፤ አንቺ ንስሐ ግቢ፣ ሌላው ያንቺ ሥራ አይደለም» ትለኛለች። ጭንቀቴ እምነት ማጣት ነው? ከጓደኞቼ ጋር ወንዙን ብናጸዳ፣ ችግኝ ብንተክል አገልግሎት ይባላል? ለሁላችንም የሚመቸን እሑድ ብቻ ነው፤ ሰንበት መሻር ይሆንብን ይሆን?

መልስ፦ ልጄ፣ ማልቀስሽ እምነት ማጣት አይደለም። ነህምያ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሲሰማ «ተቀምጬ አለቀስሁ፥ አያሌ ቀንም አዝን ነበር» ይላል (ነህ. 1፥4)። የሚኖረው በንጉሥ ቤት ነው፤ የጎደለበት ነገር አልነበረም። የሩቅ አገሩ ፍርስራሽ ግን ዕረፍት ነሣው። ጾመ፣ ጸለየ፣ ከዚያም ተነሥቶ ሄደ። በሌሊት ወጥቶ ፍርስራሹን ዞሮ አየ። ከዚያ በኋላ ነው ሕዝቡን «ኑ እንሥራ» ያለው። ምዕራፍ 3ን አንብቢው። ብዙ ሰው የስም ዝርዝር ነው ብሎ ይዘለዋል፤ እኔ ግን በጣም ነው የምወደው። እገሌ በቤቱ አንጻር ሠራ፣ ከእርሱም ቀጥሎ እገሌ በቤቱ አንጻር ሠራ ይላል። ሙሉውን ቅጥር የተሸከመ ሰው የለም። በ52 ቀን አለቀ።

አንቺን ያስጨነቀሽ ሙሉውን ቅጥር ብቻሽን መሸከምሽ ይመስለኛል። የቦረና ከብቶች ያለቁት ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ስለ ጠፋ ነው። ያንን አንቺ አላመጣሽውም። አገራችን ወደ ሰማይ የምትለቀው ጭስ ከዓለም ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ያልተበደርሽውን ዕዳ በራስሽ ላይ አትጫኚ። አቃቂ ወንዝ ዳር ግን ቤትሽ አለ። በቤትሽ አንጻር ያለው ያ ነው። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ ደግሞ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ሐኪምም አማክሪ። ማታ ማታ ስልኩን ራቅ አድርጊው።

እናትሽን እንዳትቀየሚያት። ሰባ ሰባትን ያየ ሰው ድርቅ የሚለውን ቃል እንደ እኔና እንዳንቺ አይሰማውም። ንስሐ ግቢ ማለቷም ትክክል ነው። ግን ያኔ ሰው የጨረሰው ድርቁ ብቻ አልነበረም፤ ጦርነቱ ነበረ፣ የእርዳታው መዘግየት ነበረ። የሰው እጅ ያባባሰውን የሰው እጅ ሊያቀለው ይችል ነበር። እስቲ አንድ ቀን ቡና ሲፈላ አጠገቧ ቁጭ በይና ምን እንዳየች ጠይቂያት። ምናልባት ማንም ጠይቋት አያውቅም።

«መዝራትና ማጨድ፣ በጋና ክረምት አያቋርጡም» የሚለውን ጠቅሰው (ዘፍ. 8፥22) አርፈሽ ተቀመጪ የሚሉሽም ይኖራሉ። ቃሉ እውነት ነው። ሰይጣን ጌታን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው የጠቀሰውም እውነተኛ የተስፋ ቃል ነበር። ጌታ ግን «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» አለ እንጂ አልዘለለም።

አገልግሎት ነው ወይ ላልሽው፣ አዎ ነው። አዳም ገና ሳይበድል የተሰጠው ሥራ ገነትን ማበጀትና መጠበቅ ነበር። በቅዳሴያችን ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውኃ፣ ስለ ምድር ፍሬ እንለምናለን። ጥር 11 ጌታ ውኃን ቀደሰ እያልን እንዘምራለን። መንገዱን ጠርገው፣ ለታቦቱ ምንጣፍ እየተሸከሙ የሚሮጡትን ወጣቶች ሳይ ልቤ በደስታ ይሞላል። በማግስቱ ግን ሜዳው በፕላስቲክ ጠርሙስና በፌስታል ተሞልቶ አየዋለሁ። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ጠርጎ ወንዝ ይከተዋል። ይህ ያመኛል። አምስት ሺህ ሰው ከጠገበ በኋላ እንኳ ጌታ «አንድ ስንኳ እንዳይጠፋ የተረፈውን ቍርስራሽ አከማቹ» ብሏል (ዮሐ. 6፥12)። ስለዚህ ከደብራችሁ ንግሥ ጀምሩ። ምእመኑ ለጸበል ጀሪካኑን ከቤቱ ይዞ ይምጣ። የውኃ ጠርሙሱን በጆንያ ሰብስባችሁ ለቆራሌው ስጡ፤ የሚገኘው ሳንቲም ለችግኝ አጥር ይሆናል።

ስለ ችግኝ የራሴን ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ዝናብ ብዙ ሆነን ተከልን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ተለያየን። ለፋሲካ ተመልሼ ሳይ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ግማሹን ፍየል በልቶታል፣ ግማሹን ፀሐይ አድርቆታል። ከዚያ ወዲህ ወጣቶችን «ስንት ተከላችሁ?» ብዬ አልጠይቅም፤ «ስንቱ ጸደቀ?» እላለሁ። ቋንቋችን ለችግኝም ለሰውም ይህንኑ አንድ ቃል መስጠቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ለአንድ ሰው ሦስት ችግኝ ይበቃል። አጥር ይኑረው፤ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ክረምት ውኃ አይጉደልበት። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ ቢሆን ደስ ይለኛል። ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ግን የአገሩ ናቸው። በደቡብ ጎንደር በእርሻ ተከበው እንደ ደሴት የቀሩት የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ ያሉት እንደነዚህ ያሉ አገር በቀል ዛፎች ናቸው፤ አባቶች ቅጽሩን ስላስከበሩ ቆዩ። ባሕር ዛፍ ወንዝ ዳር አትትከሉ፤ ውኃ ይመጥጣል።

ሰንበትን በተመለከተ፣ ጉድጓድ መቆፈሩን ለሥራ ቀን ተዉት። ሁለት ሁለት እየሆናችሁ በየተራ ከሥራ መልስ ብትቆፍሩ ያልቃል። ችግኝ ማጠጣት ግን ከቅዳሴ በኋላ ይቻላል። ጌታ ራሱ፣ ከእናንተ በሰንበት በሬውን ፈትቶ ውኃ ሊያጠጣ የማይወስድ ማን ነው ብሎ ጠይቋል (ሉቃ. 13፥15)። ቆሻሻ መልቀሙን ደግሞ ለደብራችሁ አስተዳዳሪ አስቀድማችሁ ንገሩና ቡራኬ ተቀበሉ። ወንዙ የፋብሪካ ፍሳሽ ስላለበት ያለ ጓንትና ያለ ቦት ጫማ ማንም እንዳይገባ፤ ትንንሾቹን ልጆች ከዳር አቁሟቸው፣ ጆንያ ይያዙ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።