ጫጩቷን ከማንሳታችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

በጋ በመጣ ቁጥር በካርቶን የተያዘች የወፍ ጫጩት ይዛችሁ «ምን እናብላት?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ይቆጨኛል፤ መጠየቅ የነበረበት ጫጩቷ ከመነሳቷ በፊት ነውና።

በማለዳ ጉዞ መሬት ላይ የምታገኟቸው ጫጩቶች አብዛኞቹ ወድቀው አይደለም። ጊዜያቸው ደርሶ ከጎጆ የወጡ ናቸው። እንደ ድንቢጥ ያሉ ትናንሽ ወፎች ከተፈለፈሉ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው፣ ገና በደንብ ሳይበሩ ጎጆውን ይለቃሉ። ጎጆ ውስጥ ተጨናንቀው ሲጮኹ ድመት ወይም ቁራ ካገኛቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ያልቃሉ፤ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ከተበተኑ ግን አንዳቸው ቢያዝ ሌሎቹ ይተርፋሉ። ወላጆቻቸው ድምፃቸውን እየተከተሉ ለየብቻቸው ይመግቧቸዋል፤ ይህም እንደ ወፉ ዓይነት ለአንድ ሳምንት፣ ለሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። እናት የላትም ያላችኋት ጫጩት እናቷ ብዙ ጊዜ አባጨጓሬ በምንቃሯ ይዛ፣ ከኋላችሁ ቅርንጫፍ ላይ ሆና መሄዳችሁን እየጠበቀች ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ በዓይን መርምሯት። ላባዋ ሰውነቷን ከሸፈነ፣ ጅራቷ አጭር ሆኖ የምትዘል ከሆነ፣ ቀጭን እንጨት ጨብጣ መቆም ከቻለች ተዉአት፤ ራቅ ብላችሁም ጠብቁ። መንገድ መሃል ካለች ወይም ድመት ካንዣበበባት፣ ወላጆቿ ድምፅዋን ከሚሰሙበት ሳታርቁ ቅርብ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ አስቀምጧት። ዓይኗ ያልተከፈተ፣ ቆዳዋ ራቁቱን የሚታይ ከሆነ ግን በእርግጥ ወድቃለች፤ ጎጆውን ፈልጋችሁ መልሷት። የሰው እጅ የነካውን ጫጩት እናቱ አትቀበለውም የሚባለው እውነት አይደለም።

ወተት በፍጹም አትስጧት፤ ወፎች የወተትን ስኳር መፍጨት አይችሉም። ውሃም በአፏ አታንጠባጥቡ። ወፍ አፏን ስትከፍት ከምላሷ በስተኋላ የምትታየው ትንሽ ቀዳዳ የአየር ቧንቧዋ አፍ ናት፤ በዚያ የገባ ጠብታ ሳንባዋ ደርሶ ይገድላታል። የቆሰለች ከሆነች ጨለማና ጸጥታ ባለበት፣ ቀዳዳ ባለው ካርቶን አድርጋችሁ ሳትመግቡ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።

የጉጉት ጫጩት መብረር ሳትችል ከጎጆ ወጥታ ቅርንጫፍ ላይ ትኖራለች፤ ብትወድቅም ብዙ ጊዜ በምንቃሯና በጥፍሯ ግንዱን ቧጥጣ ትወጣለች። ርግብ ደግሞ ሌላ ነገር ናት፦ እናትም አባትም ከጉሮሯቸው ከረጢት የሚመነጭ ወተት መሳይ ምግብ ይመግባሉ፣ ጫጩቷም አንድ ወር ገደማ ከጎጆ ስለማትወጣ ሕፃን ርግብ ማየት ብርቅ ነው።

ወፎችን ለመመልከት ከንጋት በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይሻላሉ፤ ሌሊቱን የተራቡ ጫጩቶች ያኔ አጥብቀው ይለምናሉ። ባይኖኩላር፣ ማለትም ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር፣ ካላችሁ ስምንት እጥፍ የሚያጎላው ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው እጅ ሲንቀጠቀጥ ሥዕሉንም ያንቀጠቅጠዋል። ዓይናችሁን ከወፏ ሳትነቅሉ መነጽሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡ። ከሁሉ በላይ ግን ስሙ። የጫጩት ልመና ቀጭን ድምፅ ነው፤ ዕድሜ የገፋ ሰው ጆሮ ያመልጠዋል፣ የእናንተ ግን ይይዘዋል። ያንን ጆሮ በማዳመጫ ደፍናችሁ መሄዳችሁ ያሳዝነኛል።

ምግብ በምንቃሯ ይዛ የማትውጥ ወፍ ካያችሁ ጎጆዋ ወይም ጫጩቶቿ ቅርብ ናቸው። ከቁጥቋጦ ነጭ ከረጢት የመሰለ ኩስ ይዛ የምትወጣም እንዲሁ፤ ጎጆ እያጸዳች ነው። ምግቡን እንደያዘች አንድ ዓይነት ሹል ድምፅ ከደጋገመች የከለከላችኋት እናንተ ናችሁ፤ ምግቡን እስክታደርስ ወደኋላ ሂዱ።

በስልክ የወፍ ድምፅ ከፍቶ መጥራት ደግሞ ዛሬ የተለመደ ሆኗል። አባትየው ባላጋራ የመጣ መስሎት ምግብ ፍለጋውን ትቶ ሊከላከል ይመጣል፤ ይህን በጫጩት ወቅት አታድርጉ። ለፎቶም ብላችሁ ቅጠል አትግለጡ። ሊወጡ ጥቂት ቀን የቀራቸው ጫጩቶች ከደነገጡ ያለ ጊዜያቸው ከጎጆ ይዘላሉ፤ ብትመልሷቸውም እንደገና ይዘላሉ። ያ ከደረሰ መልሳችሁ ጎጆውን በእጅ ወይም በቀላል ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ሸፍኑ፤ ሲረጋጉ መሸፈኛውን ቀስ ብላችሁ አንሱና ቶሎ ራቁ።