ሸክላ ሠሪዋን ለመጫወት አሥር ሳምንት

ጥያቄ (ባጭሩ)፦ 24 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ከሠራሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ቅዳሜና እሑድ ቴአትር ክበብ ውስጥ እጫወታለሁ። አሁን በአንድ አጭር ፊልም ላይ ልጇን የቀበረች ሸክላ ሠሪ ሆኜ እንድጫወት ተመርጫለሁ። ቀረጻው ከአሥር ሳምንት በኋላ ይጀመራል፣ ስድስት ቀን ይፈጃል። አርአያዬ እንግሊዛዊው የፊልም ተዋናይ ዳንኤል ዴይ-ሉዊስ ነው። እንደ እሱ ገጸ ባሕርይዋን ሆኜ መኖር እፈልጋለሁ፦ በአንድ ወር 8 ኪሎ ልቀንስ፣ ከቤተሰብ ጋር ማውራት ላቆም፣ ለለቅሶው ትዕይንት ደግሞ ባለፈው ጥቅምት የሞተውን አባቴን ላስብ ወስኛለሁ። ሥራዬንም ልለቅ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

ምላሽ፦ እህታችን፣ ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር ያጽናሽ። የአባትሽ ሙት ዓመት ገና አልወጣም፤ ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

ከዴይ-ሉዊስ የወሰድሽው የሚወራለትን ነው። ቀኑን ሙሉ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ መዋሉ፣ በብርድ ካፖርት አልለብስም ማለቱ ስለሚገርም ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል። የሥራ ሕይወቱን ዓመት በዓመት ስትዘረጊው ግን ጎልቶ የሚታየው ጊዜና የእጅ ሙያ ነው። (ስለ እሱ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልም ላይ መጀመሪያ የታየው በ1971፣ በ14 ዓመቱ ነው፤ የቆሙ መኪናዎችን የሚቧጭር ባለጌ ልጅ ሆኖ። የተከፈለው 2 ፓውንድ ነበር። ቀጥሎ ፊልም ላይ የምናየው በ1982 በወጣው «ጋንዲ» ውስጥ በትንሽ ሚና ነው። በመሃል 11 ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት የእንጨት ሥራ ሊማር ፈልጎ አመለከተ፣ ልምድ የለህም ብለው መለሱት፤ ከዚያ በብሪስቶል ኦልድ ቪክ የቴአትር ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ተማረ፣ መድረክ ላይም ሠራ። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ እናቱ ጂል ባልከን ተዋናይት፣ አያቱ ማይክል ባልከን በእንግሊዝ የታወቀ የፊልም ፕሮዲዩሰር ነበሩ። የሙያው በር የት እንዳለ ከልጅነቱ ያውቅ ነበር። ይህን ሳትቆጥሪ ከእሱ ጋር ራስሽን ብትለኪ ራስሽን ትበድያለሽ።

በመጋቢት 1986 ኒው ዮርክ ላይ ሁለት ፊልሞቹ በአንድ ቀን መታየት ጀመሩ። በአንዱ የለንደን ጎዳና ልጅ ነው፣ በሌላው ደግሞ አንገቱ የደረቀ ባለጸጋ እጮኛ። ያኔ ትኩረት የሳበው አንዱ ሰው ሁለቱንም መሆን መቻሉ ነው፤ ልዩነቱ ከድምፁ፣ ከአቋቋሙና ከአረማመዱ የመጣ ነበር። ይህ የትምህርት ቤት ሥራ ውጤት ነው።

ከዚያ በ1989 የወጣው «ግራ እግሬ» የተባለው ፊልም መጣ። ከሰውነቱ ግራ እግሩን ብቻ እንደ ልቡ የሚያዝዘውን የአየርላንድ ጸሐፊና ሠዓሊ ክሪስቲ ብራውንን ለመጫወት ደብሊን ውስጥ የአካል ጉዳተኞች ወደሚረዱበት ተቋም እየሄደ ሰዎቹን አጠና፣ በእግር ጣት መጻፍና መሣል ተለማመደ። በቀረጻው ወቅት ከወንበሩ አይነሳም ነበር፤ የሚያበሉትም የቀረጻ ባልደረቦቹ ነበሩ። ተጣምሞ ከመቀመጡ የተነሳ ሁለት የጎድን አጥንቶቹ እንደተሰበሩ ይነገራል። ሰው የሚያስታውሰው የጎድን አጥንቱን ነው። ፊልሙን የተሸከመው ግን የእግር ጣቱ ልምምድ ነው፤ ጠመኔ የያዘው እግር ቢያመነታ ኖሮ ማንም አያምነውም ነበር።

በኋላም የሄደበት መንገድ ይኸው ነው። ለቦክሰኛ ሚና ከቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ከባሪ ማክጊጋን ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ተለማመደ። አብርሃም ሊንከንን ለመጫወት አንድ ዓመት ይሰጠኝ ብሎ ጠየቀ፤ ሊንከንን የሰሙ ሰዎች ቀጭንና ከፍ ያለ ብለው የጻፉለትን ድምፅ በዚያ ጊዜ ውስጥ ፈልጎ አገኘ። በ2017 ለወጣው የልብስ ሰፊ ሚና በኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት (የዳንስ ቡድን) የአልባሳት ክፍል ኃላፊ ሥር ስፌት ተማረና የታወቀውን የልብስ ዲዛይነር የባለንሲያጋን አንድ ቀሚስ አስመስሎ ሰፋ። ከ1998 እስከ 2017 በነበሩት 20 ዓመታት የሠራው 6 ፊልም ብቻ ነው፤ በዋና ተዋናይነት ሦስት ኦስካር የወሰደ ወንድ ግን ከእሱ ሌላ የለም። በ2017 ተሰናብቶ በ2025 በልጁ ዳይሬክተርነት በተሠራ ፊልም ተመልሷል። በየሦስት ዓመቱ አንድ ፊልም እየሠራ የሚኖር ሰው የሚያኖረው ስምና ገንዘብ አለው። ጀማሪ በዚያ ፍጥነት ከሄደ ይረሳል፤ አንቺ ሚና ሳትመርጪ፣ ትንሹንም ሳትንቂ ብዙ ጊዜ ካሜራ ፊት መቆም አለብሽ።

ስለዚህ አሥሩን ሳምንት ለጭቃው ስጪው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከስክሪፕቱ ጋር አሳልፊ። ሦስት ጊዜ ምንም ሳታሰምሪ አንብቢው። በአራተኛው ንባብ ሁለት ገጽ አዘጋጂ፦ በአንዱ ስለ ሴትየዋ ስክሪፕቱ በግልጽ የሚለውን ብቻ ጻፊ (ዕድሜ፣ ስንት ልጅ፣ ልጁ መቼ ሞተ፣ ገበያ የምትወጣው በየስንት ቀን)፣ በሌላው ስክሪፕቱ ያልመለሰውንና አንቺ ልትወስኚው የሚገባሽን። ከዚያ በየትዕይንቱ ከምታናግረው ሰው ምን እንደምትፈልግ በአንድ ግስ አስቀምጪ፦ «ልታባርረው»፣ «ልታስቀረው»፣ «ልትደብቀው»። «ታዝናለች» ብለሽ አትጻፊ፤ ሐዘን የሚሠራ ነገር አይደለም፣ ካሜራ ፊት ስትቆሚ እጅሽ ምን እንደሚያደርግ አይነግርሽም።

ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ሂጂ። ቀጨኔ ቅርብሽ ነው። ስትሄጂ ለምን እንደመጣሽ በግልጽ ተናገሪ፣ ሥራ ስለምታስፈቻቸው ለጊዜያቸው ክፈዪ፣ ሳታስፈቅጂ ስልክ አታውጪ። ሸክላ ሠሪ ባገራችን ለዘመናት ሲናቅና ሲሰደብ የኖረ ባለሙያ ነው፤ በእንግዳ ዓይን ሲታዩ ወዲያው ይገባቸዋል። ዝቅ ብለሽ ጭቃ ማቡካት ስትጀምሪ አስተያየታቸው ይለወጣል።

ሙያውን ከነምክንያቱ ተማሪው። አፈሩ ተወቅጦ ይነፋል፣ ውኃ ጠጥቶ ይቦካል። ጠጠር ወይም አየር ከቀረበት እሳት ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስለዚህ ሠሪዋ ስታቦካ ጣቷ ሁልጊዜ እየፈለገ ነው። ያ የሚፈልግ ጣት ለአንቺ ከማንኛውም እንባ ይበልጣል። ጀበናም ሆነ እንስራ ያለ መሽከርከሪያ በእጅ ከታች ወደ ላይ ይነሳል፤ ግድግዳው አንድ ቦታ ከወፈረና ሌላ ቦታ ከሳሳ ሲደርቅ እኩል ስለማይኮማተር ይሰነጠቃል። በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፣ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ የተጣደ ውጪው ቀድሞ ደርቆ ይተረተራል። በመጨረሻ በእንጨት፣ በኩበትና በጭድ ይተኮሳል። እርጥበት የቀረበት ዕቃ ያን ጊዜ ድምፅ አሰምቶ ይሰበራል። ልጇን የቀበረች ሴት ያን ድምፅ ስትሰማ ትከሻዋ ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ የምትመልሺው ድምፁን በጆሮሽ ሰምተሽ ከሆነ ብቻ ነው።

ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ ቃለ ተውኔትሽን እያቦካሽ በይው። የጀማሪ ስሕተት የሚታየው እዚህ ነው፦ ንግግሩ ሲመጣ እጁ ይቆማል፣ እጁ ሲሠራ ንግግሩ ይረሳል። አንድ ትንሽ ገንቦ ሳታቆሚ እየሠራሽ ሙሉውን ትዕይንት ሁለት ጊዜ ያለ ስሕተት መናገር እስክትችይ ተለማመጂ። ጉልበትሽ መሬት ላይ ተቀምጦ መነሣትንም እንዲሁ፤ የባለሙያዋ አነሣስ ካንቺ የተለየ ነው፣ ተመልካች ሳያስበው ያየዋል።

ለድምፅሽ በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ የተረከበትን ቅጂ አሥር ደቂቃ ስሚና የት የት እንደሚተነፍስ ምልክት አድርጊ። ፊትም እጅም ሳይታይ ያን ሁሉ ሰው በትንፋሽ ብቻ ለይቶ አሳይቷል። እንዳትቀጂው ተጠንቀቂ፤ የምንፈልገው አተነፋፈሱን ማጥናት ነው።

አሁን ወደ አባትሽ። የራስን ቁስል ቀስቅሶ መጫወት ኒው ዮርክ ውስጥ የትወና መምህሩ ሊ ስትራስበርግ ያስፋፋው መንገድ ነው። የመነሻው ባለቤት ሩሲያዊው የቴአትር ዳይሬክተር ስታኒስላቭስኪ ራሱ ግን በኋለኛ ዘመኑ ከስሜት ይልቅ ከድርጊት መጀመርን መረጠ፤ አሜሪካዊቷ ተዋናይት ስቴላ አድለር በ1934 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ፓሪስ ላይ አግኝታው ስትመለስ በዚህ ጉዳይ ከስትራስበርግ ጋር ተለያይታለች። ክርክሩ ዛሬም አለ። ያንቺን ጉዳይ በተመለከተ ግን ምክሬ ቁርጥ ነው፦ አታድርጊው። አንዱ ምክንያት የሥራ ነው። አንድ ትዕይንት በትንሹ አምስት ስድስት ጊዜ ይቀረጻል፣ ከሩቅ፣ ከቅርብ፣ ከጎን። የእውነት ትዝታ በመጀመሪያው ያጥለቀልቅሻል፣ በአራተኛው ይደርቃል፤ ካሜራው ፊትሽ ድረስ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ በአራተኛው ነው። ሌላው ምክንያት አንቺ ነሽ። ዴይ-ሉዊስ በ1989 በለንደን ብሔራዊ ቴአትር ሐምሌትን ሲጫወት የሟች አባት መንፈስ በሚመጣበት ትዕይንት ላይ መድረኩን ጥሎ ወጣ፤ ወደ ቴአትር መድረክም ዳግም አልተመለሰም። የራሱ አባት ገጣሚው ሴሲል ዴይ-ሉዊስ የሞተው እሱ 15 ዓመት ሲሆነው ነበር። 17 ዓመት ያለፈው ሐዘን ነው። ያንቺ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

በምትኩ አንድ ዕቃ ምረጪ። ለምሳሌ ልጁ ይበላበት የነበረ ትንሽ የሸክላ ሳሕን፤ ራስሽ ሠርተሽው ለቀረጻ አምጪው። የትዕይንቱ ሥራ ሳሕኑን ከመደርደሪያ አንሥቶ ጨርቅ መጠቅለልና እንዳይሰበር ማስቀመጥ ይሁን። ሐዘንተኛ ሰው ላለማልቀስ ይታገላል እንጂ ለማልቀስ አይሞክርም። እንባ ቢመጣ መልካም፣ ባይመጣ እጅሽ ሥራውን ይሠራል። ሲያልቅ እጅሽን ታጠቢ፣ ልብስሽን ቀይሪ፣ ለእናትሽ ደውይ።

ኪሎውን ተዪው። ፊልም በቅደም ተከተል አይቀረጽም፤ የመጨረሻው ትዕይንት በመጀመሪያው ቀን ሊሠራ ይችላል። በየቀኑ እየከሳሽ ከሄድሽ በር ስትከፍቺ ያለው ፊትሽና ስትገቢ ያለው ፊትሽ አይገጥምም። በረኀብ ደግሞ ቃል ይረሳል፣ ድምፅ ይሰልላል። አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ ቀሚስ፣ የወረደ ትከሻና ጥሩ የሜካፕ ባለሙያ የምትፈልጊውን ያሳያሉ። ካፖርት እምቢ ያለው ዴይ-ሉዊስ ሮም ውስጥ በተቀረጸ ፊልም ላይ ሳንባ ምች ይዞት እንደነበር አትርሺ፤ ያ ትልቅ ፊልም ግን መዘግየትን የሚሸከም በጀት ነበረው። ያንቺ ፊልም ስድስት ቀን ነው፣ አንድ ቀን ብትታመሚ ስድስተኛው እጁ ይሄዳል።

በገጸ ባሕርይዋ ውስጥ መቆየትሽን በከፊል እደግፋለሁ። በትዕይንቶች መሃል አነጋገሯን ወይም አቀማመጧን መያዝ ይጠቅማል። ግን ድምፅ ቀራጩ ማይክሽን ላስተካክል ሲል፣ እሳት አጠገብ ሳለሽ ተጠንቀቂ ስትባዪ፣ በራስሽ ስም ወዲያው መልሺ። ይህን ከቀረጻው በፊት ከዳይሬክተሩና አብሮሽ ከሚጫወተው ሰው ጋር ተስማሙበት። ከቤተሰብ ጋር አለማውራቱ ግን ለሚናው የሚጨምረው የለም፤ ሐዘን ላይ ያለች እናትሽን ግን ይጎዳታል።

ሥራሽን አትልቀቂ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያ ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ቀረጻው የሚፈልገው ስድስት ነው። ማመልከቻውን ዛሬውኑ አስገቢ፣ ሁለት ቀን ለዕረፍት ጨምረሽ። መልቀቅን የምናነሣው ቢያንስ የስድስት ወር ወጪሽ በባንክ ሲኖርና የተፈረመ ሁለተኛ የሚከፈል ሥራ በእጅሽ ሲገባ ነው።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ አንድ ቅጂ ይሰጥሽ። የቀረጻ ቀናት ብዛት፣ ከተባለው ሰዓት ቢያልፍ ስንት እንደሚከፈል፣ ምግብና ትራንስፖርት፣ ስምሽ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ፊልሙ በዩቲዩብም ሆነ በቴሌቪዥን ቢሸጥ ድርሻ እንዳለሽና እንደሌለሽ ይገለጽ። ክፍያው ግማሹ ካሜራ ሳይነሣ ቢሆን ይመረጣል፤ «ሲሸጥ እንከፍላለን» የሚል ውል ከውል አይቆጠርም።

አንድ ነገር ደግሞ በዚህ ሳምንት ዳይሬክተሩን ጠይቂ፦ የለቅሶው ትዕይንት በስንተኛው ቀን ተይዟል? መጀመሪያው ቀን ከሆነ ቡድኑ ገና አልተላመደም፣ ስድስተኛው ከሆነ ሁሉም ደክሟል፣ ጊዜም ያጥራል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቀን ላይ፣ ጠዋት፣ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እንዲሆን ለምኚው።