የአንባብያን ጥያቄዎች፦ በአንድ ምስክር የሚፈርድ ኮምፒውተር

ጥያቄ (ከጅማ)፦ አውሮፕላኑን አውቶፓይለት የተባለው ኮምፒውተር የሚያበር ከሆነ አብራሪዎቹ ምን ይሠራሉ?

መልስ፦ እንጀራ የምትጋግር እናት እሳቱ ሲበዛባት እንጨት ትጎትታለች፣ ሲያንስ ትጨምራለች። አውቶፓይለትም እንደዚያው ነው። ከፍታውን ይለካል፣ ከታዘዘው ጋር ያነጻጽራል፣ ልዩነቱን ያርማል። ነጎድጓዳማ ደመና ሲያጋጥም በየት በኩል እንደሚታለፍ የሚወስነው ግን አብራሪው ነው፤ መለኪያው ሲሳሳት የሚደርሰውም እሱ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ በቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀውን አውሮፕላን ኮምፒውተሩ ነው የጣለው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ሳነብ ዛሬም ልቤ ይከብዳል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሳው ቦይንግ 737 ማክስ 157 ሰዎችን እንደያዘ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ወደቀ። አፍንጫው ከሚመጣው ነፋስ አንጻር ምን ያህል ቀና እንዳለ የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች ነበሩት። የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት እንደሚለው፣ ገና እንደተነሳ የግራው 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ ከ15.3 አላለፈም። አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ሲል በራሱ ወደ ታች የሚደፋው፣ ኤምካስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ግን የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር፤ የሰማውም የተሳሳተውን ነው። አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ደፋው። አብራሪዎቹ እስከ መጨረሻው ታገሉ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎች ያለቁትም በዚሁ መንገድ ነበር።

ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ነው ያደረገው። በአንድ ምስክር እንዲፈርድ አድርገው የሠሩት ሰዎች ናቸው፤ ተጠያቂነቱን ከእነሱ ላይ አንሥቶ ለማሽን መስጠት ለሟቾቹ ቤተሰቦች ፍትሕ አይመስለኝም። ከማሻሻያው በኋላ ሥርዓቱ ሁለቱንም ሴንሰሮች ያነጻጽራል፤ በጣም ከተለያዩ እጁን ይሰበስባል።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን ዲሲ)፦ ሁለት ከሆኑ ታዲያ ስጋቱ ያበቃል?

መልስ፦ አያበቃም። ሁለቱ ሲጣሉ የትኛው ልክ እንደሆነ አይታወቅም፤ ሦስት ሲሆኑ በድምፅ ብልጫ ይለያል። አንድ ዓይነት ከሆኑ ደግሞ ብዛታቸው አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 የአውሮፓው ሮኬት አሪያን 5 በመጀመሪያ በረራው አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ፈነዳ። አቅጣጫውን የሚለካው ኮምፒውተር መጠባበቂያ ነበረው፤ ሁለቱም ለአሪያን 4 በተጻፈ አንድ ፕሮግራም ስለሚሠሩ ግን በአንድ ስህተት ተያይዘው ቆሙ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ሕዋ ላይ አየር የለም፤ ሳተላይት ፊቱን በምን ያዞራል?

መልስ፦ ብዙዎቹ በውስጣቸው በሞተር የሚሽከረከሩ መንኮራኩሮች አሏቸው፤ መንኮራኩሩ ወደ ቀኝ ሲፈጥን አካሉ ወደ ግራ ይዞራል። የናሳው ኬፕለር ቴሌስኮፕ ከአራቱ ሁለቱ ሲበላሹበት፣ መሐንዲሶቹ የፀሐይ ብርሃን ግፊት እንዲደግፈው አድርገው አቀማመጡን አስተካከሉለት። እ.ኤ.አ. በ2018 ነዳጁ እስኪያልቅ ድረስ ሠራ።